መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም፦ ብቻውን ለሚነዳ ሰው

ወዳጆቼ፣ ላስረዳችሁ የጓጓሁት ነገር ይህ ነው፤ መኪና መንገድ ላይ የሚቆመው በዕድል ብቻ አይደለም። መቆም የሚወድበት ቦታ አለው፣ የሚቆምበት ምክንያት አለው፣ ከመቆሙ በፊትም ብዙ ጊዜ ይናገራል። ይህን ያወቀ ሰው ብቻውን ሳለ መኪናው ቢቆምበት እንደማንኛውም ሰው ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ግን አይረዝምም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና።

ብቻን መጓዝ ብልሽቱን አያከብደውም። ጎማው ያው ጎማ፣ ባትሪውም ያው ባትሪ ነው። የሚጎድለው ሁለተኛው ሰው ነው። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ አንዱ ኮፈን ሲከፍት ሌላው ከኋላ የሚመጣውን መኪና ያያል፤ አንዱ ሲቸኩል ሌላው «ቆይ፣ ይቀዝቅዝ» ይላል። ብቻችሁን ስትሆኑ ይህን ሰው የሚተካላችሁ ቅደም ተከተል ነው። እሱም አጭር ነው፦ መጀመሪያ ራሳችሁ፣ ቀጥሎ ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው፣ መጨረሻ ላይ መኪናው። ብዙ አደጋ የሚመጣው ይህ ሲገለበጥ ነው፤ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ ጀርባው ለአስፋልቱ ተሰጥቶ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የመኪናው ድምፅ ሲለወጥ፣ ኃይሉ ሲከዳ ወይም ቀይ መብራት ሲበራ ፍሬን ለመርገጥ አትቸኩሉ። ነዳጁን ልቀቁ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ መኪናው በቀረው ጉልበት እየተንከባለለ ደህና ቦታ እስኪደርስ ምሩት። ሞተሩ እየሄደ ሳለ ቢጠፋ ቁልፉን አትንቀሉ፤ ቁልፉ ከወጣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። መሪው ይከብዳችኋል፣ ፍሬኑም ይጠነክራል፤ ሁለቱንም ሲያግዛቸው የነበረው የሞተሩ ኃይል ነውና። በፍሬኑ ማገዣ ውስጥ ግን ለሁለትና ለሦስት ርግጫ የሚበቃ አቅም ይቀራል። ስለዚህ ደጋግማችሁ አትምቱት፤ ሲያስፈልጋችሁ አንዴ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙት።

ደህና ቦታ የሚባለው ቀጥ ያለና ከሩቅ የሚታይ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ደልዳላ መሬት ያለው ነው። መታጠፊያ ላይ ከመቆም መታጠፊያውን አልፎ ትንሽ መሄድ ይሻላል። ጎማው ተንፍሶ ቢሆን እንኳ በዝግታ ተንከባለሉበት። ጎማውና ቸርኬው ቢበላሹ ሌላ ይገዛል።

አሁን አንድ ሂሳብ አብረን እንሥራ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ እናንተን አይቶ፣ መቆማችሁን ተረድቶ፣ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ሁለት ሰከንድ ቢወስድበት 44 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኗ ደህና የሆነ ትንሽ መኪና ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ትፈልጋለች። ድምሩ ወደ 80 ሜትር ነው። ዝናብ፣ ያለቀ ጎማ ወይም የጭነት መኪና ሲሆን ከዚያም ይረዝማል። አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከመኪናው ኋላ አምስት ሜትር ላይ ማስቀመጥ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድ መቶ ረጅም እርምጃ ቁጠሩ። ከኋላችሁ መታጠፊያ ወይም የዳገት ጫፍ ካለ ምልክቱን ከእሱ ወዲያ፣ ሌላው ሹፌር ገና ወደ መታጠፊያው ሳይገባ በሚያየው ቦታ ላይ አድርጉት። ስትሄዱ ምልክቱን ፊት ለፊታችሁ ዘርግታችሁ ያዙ፣ በመንገዱ ዳር እየሄዳችሁ የሚመጣውን መኪና እያያችሁ።

በአገራችን መንገዶች ሹፌሮች ቅርንጫፍና ድንጋይ አስፋልት ላይ በመደርደር «ወደፊት የቆመ መኪና አለ» የሚሉበት የቆየ ልማድ አለ። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ከሩቅ ይታያል፣ ቢረገጥም አይጎዳም፤ ሦስት ማዕዘን ለሌለው ሰው ጥሩ ምትክ ነው። ድንጋዩ ግን መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል፤ በሌሊት ለሚመጣ ሌላ ሹፌር ደግሞ አደጋ ይሆናል። ድንጋይ ካስቀመጣችሁ እባካችሁ ሳታነሱት አትሂዱ።

ከመኪናው ስትወርዱ ትራፊክ በሌለበት በር ውረዱ፤ ከመኪናው ኋላም ሆነ በሁለት መኪኖች መካከል አትቁሙ። ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። እንደ አዲስ አበባ–አዳማ ባለ የፍጥነት መንገድ ላይ ይህ እጥፍ ድርብ ይጠብቃል፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። እዚያ ጎማ ለመቀየር ከትራፊኩ በኩል ከመንበርከክ ከመከለያው ወዲያ ሆኖ እርዳታ መጥራት ይሻላል።

የአባይ በረሃና የሚፈላው ሞተር

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ የአባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በቁልቁለቱ የሚፈተነው ፍሬን ነው፣ በዳገቱ ሞተር።

ሞተር ለምን እዚያ ይፈላል? በዳገት መኪናው በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ብዙ ነዳጅ እያቃጠለ ይሄዳል። ሙቀቱ ይበዛል፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ግን ያንሳል። ከሸለቆው ግርጌ የሚነሳው አየር ሞቃት ነው፤ ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚቀል ራዲያተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም የኃይሉን ሩብ ገደማ ያጣል፤ ሹፌሩ ያንን ለማካካስ ይበልጥ ይረግጣል። ከኋላው የተጫነ ዕቃ ሲታከልበት ምክንያቱ ይሟላል።

ሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ማለት ሲጀምር ገና ጊዜ አላችሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ኤሲውን አጥፉ። ቀጥሎ ለሰሚው ግራ የሚመስለውን አድርጉ፦ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮቱንም አውርዱ። ማሞቂያው የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ስለሆነ ሲከፈት እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። እናንተ ያልባችኋል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። መርፌው ቀዩን ከነካ ወይም ከኮፈኑ እንፋሎት ከወጣ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ምክንያቱን ካወቃችሁ መጠበቁ ይቀላል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር በ90 እና በ100 ዲግሪ መካከል ስለሚሠራ ውሃው ክፍት ቢሆን ሁልጊዜ በፈላ ነበር። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ እንደ ግፊት ድስት ውሃውን አምቆ ይይዘዋል፣ መፍያውንም ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ በቅጽበት ይለቀቃል፤ ከመፍያው በላይ የነበረው ውሃም በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ፊትና እጅ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ተቃጥሎ መንዳት አይችልም፣ የሚነዳለትም የለም። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከራዲያተሩ የሚወጣውን ወፍራም ጎማ ቱቦ በጨርቅ ያዙት፤ ለስልሶ ሲጨመቅ ግፊቱ ወርዷል፣ ጠንክሮ ከተወጠረ ገና ነው።

ውሃ ስትጨምሩም በዝግታ ይሁን። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲፈስበት ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያ ከሆነ በአንድ ጀሪካን ውሃ የሚያልቀው ጉዳይ ወደ ከባድ የጋራዥ ወጪ ይዞራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ውሃው ከተሞላ በኋላ ከሥር የሚንጠባጠብ ካለ እዩ። ጥቂት ከሆነ እያረፋችሁ እስከሚቀጥለው ከተማ መድረስ ትችሉ ይሆናል፤ የጨመራችሁት ወዲያው የሚፈስ ከሆነ ግን ሞተሩን አታስነሱ፣ በመጎተት ይሂድ።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ችግር ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ጀርመናዊቷ ቤርታ ቤንዝ ለባሏ ለካርል ቤንዝ ሳትነግር ሁለት ልጆቿን ይዛ እሱ የሠራውን መኪና ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ነዳችው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ውሃው እየተነነ ስለነበር በየመንገዱ ውሃ መጨመር ነበረባት። የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፣ ነዳጅ ሲያልቅ ቪስሎኽ ከተማ ካለ መድኃኒት ቤት ገዛች፣ ፍሬኑ ሲበላም ጫማ ሠሪ ጠርታ ቆዳ አስለበደችው። ያስደንቃል፦ ረጅሙ የመኪና ጉዞ ሲጀመር መንገድ ላይ መጠገንም አብሮ ተጀመረ፣ የጠገነችውም በእጇ ያለውን ነገር የምታውቅ ሴት ነበረች።

ቁልቁለት ላይ የሚከዳ ፍሬን

ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግራችሁ ከፍሬኑ ካልተነሳ ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ አያገኝም፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

መድኃኒቱ የድሮ ሹፌሮች የሚሉት ነው፦ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ኦቶማቲክ መኪና ላይም ዝቅተኛ ማርሽ መያዣ አለ፤ ከመውረዳችሁ በፊት የት እንዳለ እወቁ። የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ገና እየሠራ ሳለ ወጥታችሁ ቁሙ፣ አቀዝቅዙ። ውሃ አታፍሱበት። ፔዳሉ በድንገት ቢከዳችሁ ደጋግማችሁ እየረገጣችሁ ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ እያላችሁ ሳቡ።

ጎማ

መኪናው እየሄደ ጎማ ቢፈነዳ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ወደ ዳር ውጡ። ኃይለኛ ፍሬን መኪናውን ወደ ፈነዳው ጎማ በኩል ይጎትተዋል።

ስትቀይሩ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ማርሽ ይግባ፤ ኦቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይሁን። ከሚነሳው ጎማ ተቃራኒ ጥግ ያለውን ጎማ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደግፉ። መኪናውን በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት፣ ጎማው መሬት ረግጦ ሳለ ዳዶዎቹን ግማሽ ዙር አላሏቸው። ጎማው አየር ላይ ከሆነ ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞራል፣ ስትታገሉም መኪናው ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። ዳዶው እምቢ ካለ በእጅ ጉልበት አትድከሙ፤ መፍቻውን ወደ ጎን አግድም አድርጉና በእግራችሁ ጫኑት፣ ክብደታችሁ ይሥራው። ጉልበት የለኝም ብላ ለምትጨነቅ እህቴ ይህች ዘዴ ብዙ ታግዛለች።

መኪናው ሲነሳ ስኮርታ ጎማውን ከመኪናው አካል ሥር አስተኙት፣ ከተፈታው ጎማ አጠገብ። ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ ይሆናል። አሮጌውን ስታወጡ እሱን ከሥር አስገብታችሁ ስኮርታውን አውጡ። በምንም ምክንያት ከመኪናው ሥር አትግቡ፤ ብቻውን ያለን ሰው ከዚያ የሚያወጣው የለም። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከክሪኩ ሥር ጠፍጣፋ ጣውላ አድርጉ። ዳዶዎቹን ስታጠብቁ በዙሪያ ሳይሆን አንዱን ከዚያ ተቃራኒውን እያላችሁ ሂዱ፤ ያኔ ጎማው ሳይዘነብል ይገጥማል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ደግማችሁ አጥብቋቸው። ስኮርታው ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ከ80 በላይ አትንዱበት፣ መጀመሪያ ያገኛችሁት ጎሚስታ ጋ ቁሙ።

ባትሪና ቺንጋ

ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ» ብሎ የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል። መብራቱ ጠንካራ ሆኖ ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን እዩ። ሁሉም ነገር ጭልም ብሎ ከሆነ የባትሪውን መያዣዎች በእጅ ነቅንቁ። በሚያንገጫግጭ ፒስታ ብዙ የተነዳ መኪና መያዣው ይላላል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገትም ይይዘዋል፤ ጠረግ አድርጎ ማጥበቅ ብቻውን ብዙ መኪና አስነስቷል።

እየሄዳችሁ የባትሪው ቀይ መብራት ከበራ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲናሞው ማመንጨት አቁሟል። መኪናው ባትሪው ውስጥ ባለው ብቻ ይሄዳል። ኤሲውንና ሬዲዮውን አጥፉ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ ወደ ቅርቡ ከተማ ሂዱ፤ ካጠፋችሁት ላይነሳ ይችላል። ሙቀት መለኪያውን ግን አትርሱ። በብዙ መኪኖች ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። የባትሪው መብራት በርቶ ሙቀቱም እየወጣ ከሆነ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ነው፤ ወዲያው ቁሙ፣ ሞተሩ ውሃ እየዞረለት አይደለም።

ባትሪው ደክሞ ማንዋል መኪና ከሆነ ብቻችሁንም በቁልቁለት ልታስነሱት ትችላላችሁ፤ መንገዱ ነጻና ቁልቁለቱ ለስላሳ ይሁን እንጂ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬኑን ልቀቁ፣ መኪናው ሲንከባለል ፍሪሲዮኑን ቶሎ ልቀቁ። ኦቶማቲክ በዚህ አይነሳም።

ከሌላ መኪና በገመድ ለማስነሳት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀዩ የደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፉ የጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ የጤነኛው ኔጋቲቭ ላይ፣ የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ በደከመው መኪና ሞተር ላይ ባለ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። የመጨረሻው ሲነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ብልጭታው ከጋዙ መራቅ አለበት።

በአገራችን መንገድ ላይ ለመርዳት ቀድሞ የሚቆመው ብዙ ጊዜ የጭነት መኪና ነው፤ ስለዚህ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ በአብዛኛው 24 ቮልት ነው፣ የእናንተ 12። ከ24 ቮልት መኪና በቀጥታ ማስነሳት የመኪናችሁን ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል። ሹፌሩ በቅንነት ገመዱን ቢዘረጋም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በኤሌክትሪክ መኪና የምትሄዱም አላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲደክም ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው ላይነሳ ይችላል። ብርቱካናማ ገመዶቹን ፈጽሞ አትንኩ፣ በውስጣቸው ሰው የሚገድል ኃይል አለ። ጎማው እየዞረ አይጎተትም፤ በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

ሰውና ስልክ

ከመነሳታችሁ በፊት ለአንድ ሰው መንገዱንና የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሩ፣ «በዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ደውዪልኝ» በሉ። በየአካባቢው ያለው የጸጥታ ሁኔታ ይለዋወጣልና የመንገዱን ደህንነት በዚያው ሳምንት ከዚያ ከመጡ ሹፌሮች ጠይቁ። በፍጥነት መንገድ የምትሄዱም የመንገዱን የእርዳታ ስልክ ቁጥር ከመግባታችሁ በፊት መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

መኪናው ሲቆም የመጀመሪያው መልእክት አጭር ይሁን፦ የት ናችሁ፣ ምን ሆነ፣ መቼ መልሳችሁ ትደውላላችሁ። ያለፋችሁትን ከተማና ከዚያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ጨምሩ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሸለቆ ጥሪ ባይገባም አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። የስልኩ ጂፒኤስ ደግሞ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ያሳያችሁን ቁጥር በጽሑፍ ልኩት።

ሰው ይመጣል። በእኛ አገር መንገድ ዳር ቆሞ ሰው የማይመጣበት ቦታ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ አዛውንት ከሆኑ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» በሉ፣ ችግራችሁን ንገሩ፣ በአቅራቢያው መካኒክ ወይም ጎሚስታ የት እንዳለ ጠይቁ። አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጆች ከተሰበሰቡ ከአስፋልቱ አርቋቸው። የጭነት መኪና ሹፌርና ረዳቱ ከቆሙላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በየበረሃው ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። የሚከፈል ሥራ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት በዋጋው ተስማሙ፣ ሲሠራ ከአጠገብ አትራቁ፣ ቁልፉን ለማንም አትስጡ። ልባችሁ ያልወደደው ሰው ሲቀርብ መኪናው ውስጥ ሆናችሁ በሩን ቆልፉ፣ መስኮቱን በትንሹ አውርዳችሁ አነጋግሩ፣ «ወንድሞቼ እየመጡ ነው» በሉ። ብቻን መሆንን ለማያውቁት ሰው መናገር ግዴታ አይደለም።

ሰዓቱንም አስቡ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ የሚሠራበት ብርሃን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ስለዚህ ለራሳችሁ ገደብ አብጁ፦ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ካልተነሳ ጥገናው ይቁም፣ ሐሳባችሁ ሁሉ ከመምሸቱ በፊት ከተማ መድረስ ይሁን። ውድ ዕቃችሁንና ሰነዳችሁን ያዙ፣ መኪናውን ቆልፉ፣ በአካባቢው ለሚታመን ሰው አደራ ስጡ፣ በሚያልፈው የሕዝብ ማመላለሻ ሂዱ። መኪናው ነገ ይደረስለታል።

የሚያዝ ዕቃ

ብዙ አይደለም። አየሩ የተለካ ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክ፣ ለዳዶዎቻችሁ ልክ የሆነ መፍቻ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ የባትሪ ገመድ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ጥቂት ፊውዝ፣ የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ። ውሃ ሁለት ዓይነት ያዙ፦ አሥር ሊትር ለሞተሩ፣ አምስት ሊትር ለእናንተ፤ አንዱን ከሌላው አታቀላቅሉ። በሶ ወይም ቆሎ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ ደጋው በሌሊት ይበርዳል። ጥሬ ብርም ያዙ፣ የገጠር ጎሚስታ ሁልጊዜ በስልክ አይቀበልም። ትርፍ ቤንዚን ግን የምትቀመጡበት ውስጥ አትያዙ፤ ትነቱ መርዝ ነው፣ እሳትም ይጠራል።

ይህ ሁሉ በንባብ ብቻ አይያዝም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። እባካችሁ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት አንድ ጠዋት በደጃችሁ፣ በደልዳላ ቦታ፣ አንድ ጎማ ፍታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ስኮርታው ይተነፍስ እንደሆነ፣ መፍቻው ይገጥም እንደሆነ፣ ክሪኩ ያነሳ እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ። ብቻችሁን ለመንዳት ዝግጁ የሆናችሁት ያንን ስትጨርሱ ነው።